ክዳኑ ወርዷል?

የእንጨት ሥራ ቤቱ ኃላፊ እንደማንኛውም ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ግን በዚያ የሚጠራው አልነበረም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ማስረጃ»። ስሙንም ለፍቶ ያገኘው ነው። ዝናብ ሊመጣ ነው ቢሉት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ራሴን አመመኝ ለሚል ሰው እንኳ «በምን አወቅህ?» ሳይለው አያልፍም።

ጸሎት ቤት ከሠርግና ከቀብር በቀር ረግጦ አያውቅም። ሚስቱ ደግሞ አንድ ሳምንት አትቀርም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ፣ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ስትወጣ እሱ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ሰላም በይልኝ» ይላታል። እሷም «ምላስህ አለልህ፣ መጥተህ ራስህ በል» ብላው ትሄዳለች። በዚህ ተጣልተው አያውቁም።

ሥራውን ግን ያውቃል፤ ይህን የሚጠሉትም አይክዱትም። ጣውላ በአውራ ጣቱ ዳስሶ ደርቋል አልደረቀም ብሎ ሲናገር አንድም ቀን አልተሳሳተም። በር ሠርቶ የሰጠው ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አስቁሞት «አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው የሚዘጋው» ብሎታል። ያን ቀን ማስረጃ አልጠየቀም።

ከትልቁ መጋዝ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት የተገጠመ ወረቀት ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ደንብ። ራሱ አስቦ፣ ራሱ ጽፎ፣ ሰባቱንም ሠራተኞች አንድ በአንድ አስፈርሟል። ሦስተኛው ደንብ «የመጋዙ ክዳን ሳይወርድ ማሽኑ አይነሳም» ይላል። ክዳኑ የመጋዙን ጥርስ ከእጅ የሚከልል ብረት ነው። ማስረጃ የነገረውን ሰው ዳግመኛ መንገር እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፤ ሰው አንድ ጊዜ አንብቦ ከፈረመ አውቋል፣ ካወቀ ያደርጋል ባይ ነው።

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ዴስክ ትእዛዝ መጣና ሥራው አናት ላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ወፍራም ግንድ በክዳኑ ሥር አላልፍ አለ። ክዳኑን ፈትተው አነሱት። ግንዱ ተሰነጠቀ። ወዲያው ከቢሮ ስልክ ተጠሩ፤ ክዳኑ ሳይመለስ ቀረ። ከምሳ በኋላ ከሰባቱ ሠራተኞች አንዱ፣ የማስረጃ ሚስት ወንድም፣ ማሽኑን አስነሳ። ሁለት ጣቱ፣ አመልካቹና መሐሉ፣ ከጣውላው ጋር ሄዱ።

«አነሱት»፣ «ተጠሩ» ያልኩት ሰውየውን ለማክበር አይደለም፤ ነገሩን ለማድበስበስ ነው፤ እሱም ልክ እንዲህ ነው ያድበሰበሰው። ክዳኑን ያነሳው ማስረጃ ነው። ስልክ የተጠራውም እሱ፣ የረሳውም እሱ። በሦስተኛው ቀን ከቢሮ ቅጽ መጣ፤ «የአደጋው ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር ነበረው። እስክሪብቶውን ይዞ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ይህ ለዝናብ እንኳ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው፣ ያለ አንዳች ማስረጃ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

የሚስቱን ወንድም ሙያ ያስተማረው እሱ ነው። መጋዝ አያያዝ፣ ሙጫ አቀባብ፣ እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ ከመስመሩ ማንበብ፣ ሁሉንም። አሁን በዚያ ቅጽ የተነሳ ፋይሉ ላይ «ቸልተኛ» ተብሎ ተጻፈበት፤ ማሽን እንዳይነካ ተከለከለና ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣ በቀኙ ሚስማርና ሙጫ በመስኮት ያድላል። እንደዚያ የተካነ አናጢ ሚስማር ሲያድል ማየት ማስረጃን አንጀቱን ይበላዋል። ግን ቅጹ እንደተፈረመ ቀረ።

የወንድሟ ቁስል ከዳነ በኋላ ሚስቱ መጥታ ጋዜጣው ፊት ቆመች። «ወንድሜ ስለተረፈ ላመሰግን ነው። ዛሬ እንኳ አብረኸኝ ቁም» አለችው። እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ሄደ።

ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አስቀድሞ ሊሰለች ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ፊት የቆሙት ሰውዬ አንድ ነገር ይላሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። አጠገቡ ያሉት አሮጊት ቃሉን ሰባ ዓመት የሰሙት መሆን አለባቸው፤ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ከሁሉም ጋር ይነሱና ይመልሳሉ። «ይህንን ባለፈው ሰምቼዋለሁ» የሚል አንድ ሰው የለም። ማስረጃ ከግድግዳው ተላቀቀ።

መንገድ ላይ ሚስቱን ጠየቃት።

«ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ነው ያላችሁት?»

«ይህንኑ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አንተ ሰው፣ እኔ ሳልወለድም ይህንኑ ነው።»

«አይሰለችም?»

«ይሰለቻል እንጂ! አንዳንድ ቀንማ አፌ ብቻ ነው እዚያ ያለው፣ ልቤ ቤት የተውኩት ድስት ጋ ነው።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አፌ እዚያ ከተገኘ ልቤ አንዱን ቀን ተከትሎት ይመጣል። ቤት ብቀር ሁለቱም አይመጡ። እኛ እኮ ሰው እንደሚረሳ እናውቃለን።»

ቤት እስኪደርሱ ከመጋዙ በላይ የሰቀለውን ደንብ ሲያስብ ሄደ። የግድግዳው ወረቀት ለማይረሳ ሰው የተጻፈ ነበር። የማይረሳ ሰው ደግሞ በሥራ ቤቱ ውስጥ አንድም አልነበረም፣ ጸሐፊውን ጨምሮ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድም ማሽን ሳይነሳ፣ ስድስቱን ሠራተኞች ትልቁን መጋዝ ከብበው እንዲቆሙ አዘዘ። ግራ ተጋብተው ተሰበሰቡ። ማስረጃ ጉሮሮውን ጠረገና በሙሉ ድምፅ ጠየቀ፦

«ክዳኑ ወርዷል?»

እስቲ ፍረዱ። አንድ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ሲል ሰው ምን ይመልሳል? ስድስቱም በአንድ አፍ «አሜን!» አሉ።

ከዚያማ ሳቁን ማን ያቁመው። ጣውላ የምታለሰልሰው ሴት ሆዷን ይዛ ጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠች። ማስረጃ ፊቱን ቅጭም አድርጎ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ያልሳቀው ቀለም ቀቢው ብቻ ነው። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ነውና ነገሩ አላማረውም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በማያምኑበት ነገር እየቀለዱ ነው?»

«እየቀለድኩ አይደለም» አለ ማስረጃ። «ከእናንተ እየተማርኩ ነው። እናንተ በየሳምንቱ ትደጋግማላችሁ፤ እኔ አንድ ጊዜ ጽፌ ሰቀልኩና ሰው ጣቱን አጣ። የማላምነውን እመኑ አላልኳችሁም፤ መደጋገሙን ግን ስጡኝ።»

ቀለም ቀቢው አሰበበት። «እሺ፣ ምን እንበል ታዲያ?»

«‹ወርዷል› አትበሉኝ። ወርዷል ሳያዩም ይባላል። ‹አሜን› ይሁን ማለት ነው፤ እሱንም አልፈልግም። እያንዳንዳችሁ እጃችሁን ብረቱ ላይ አድርጋችሁ ‹አየሁ› በሉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ ማጉረምረሙ ለጉድ ነበር። «ማስረጃ መነነ» ተባለ፤ «ነገ ደግሞ ያስጾመናል» ተባለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ትእዛዝ ቢጣደፍ፣ የቢሮ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይ፣ ስልኩ እስኪበቃው ቢጮህ፣ ስድስት «አየሁ» ሳይሰማ ማብሪያው አይነካም። አንዳንድ ጠዋት አፍ ብቻ እንደሚመልስለት ያውቃል። አፍም ይምጣ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ አምስት «አየሁ» ከተባለ በኋላ፣ አለስላሿ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ቆየችና «አላየሁም» አለች። ክዳኑን የያዘው ብሎን ላልቶ ነበር። ነካ ስታደርገው ክዳኑ ዘንበል አለ። ከእሷ በፊት የመለሱት አምስቱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላጉረመረመም።

ማታ ራት ላይ ይህንን ለሚስቱ አፉን ሞልቶ ነገራት። ደስ ብሏት ሰማችው፤ ሳቀችም።

«ጎበዝ። ግን ትልቁን ነገር ትተኸዋል።»

«ምኑን?»

«እኛ እኮ ከሁሉ በፊት ጥፋታችንን እንናገራለን። እሱ ሳይነገር ወደ ሌላው አንሄድም። እናንተ ጋ ማን ነው ጥፋቱን የሚናገረው?»

ነገር ልትወረውር አስባ አልነበረም፤ አታውቅም። እሱ ግን ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አያት፤ ወንድሟን በአባት ቦታ ሆና ያሳደገች ሴት ናት። እነግራታለሁ አለና ፈራ፤ ከዚያ በመፍራቱ በራሱ ተናደደ። ደንቡን እሱ አወጣ፣ ክቡን እሱ አቆመ፣ እንግዲህ የቀረውን ደግሞ ማን ሊሠራለት ነው?

«ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አላት።

እጇ ሞሰቡ ላይ ቀረ። አልጮኸችም፤ ጮኻ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ለኔ መንገር አይበቃም» አለችና ራቱን ሳትጨርስ ተነሳች።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ሥራ ቤት ገባ። ከቢሮ አዲስ ቅጽ ወስዶ ሞላው፤ ይህኛውን ሲጽፍ እስክሪብቶው አልዘገየም። ከዚያ ግምጃ ቤቱ መስኮት ጋ ሄዶ የሚስቱን ወንድም «ና፣ ከኛ ጋር ቁም» አለው።

«ማሽን ጋ አትቅረብ ተብያለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ ያልኩህ። ና።»

ከስድስቱ መሐል ቦታ ሰጡት። ማስረጃ ጥያቄውን አልጠየቀም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደንብ በሚያነብበት ድምፅ ተናገረ።

«ያን ቀን ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልመልሰው ሲገባኝ ስልክ ሄድኩና ረሳሁት። በሱ ጥፋት ነው ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። እውነቱን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ወደ ቢሮ እወስደዋለሁ። ከዚህ ቢያባርሩኝም ይገባኛል።»

አለስላሿ ከንፈሯን ነከሰች። የሚስቱ ወንድም ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ብዙዎቹ ከአደጋው ወዲህ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። በሦስት ጣት የቀረውን እጁን ብረቱ ላይ አደረገና፦

«አየሁ» አለ።

ደንቡን አክብሮ የመለሰ መሰላቸው።

«ስታነሳው አይቼሃለሁ፣ ጋሼ። ጠዋት፣ እዚያ በሩ ላይ ቆሜ። ክፍት መሆኑን አውቅ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ማየቴን ረሳሁት።»

ማስረጃ የመጋዙን ጠረጴዛ ያዘ። «ይህን ሁሉ ወር ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እህቴ እኮ ካንተ ጋር ነው የምትኖረው። ደግሞም… ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

ማስረጃ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አላበሰውም፤ ሁሉም እያዩት ነው፣ ይዩት። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቢሮው በር መራመድ ጀመረ።

«ጋሼ» አለ የሚስቱ ወንድም ከኋላው። «ዛሬ እኔ ልጠይቅ?»

ማስረጃ ቆሞ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ፦

«ክዳኑ ወርዷል?»

አለስላሿ እጇን ዘርግታ «አየሁ» አለች። ቀለም ቀቢውም እንዲሁ አለ። ስድስቱም በየተራቸው አሉ። ሁሉም ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ጠያቂው አሁንም ወደ በሩ እያየ ይጠብቅ ነበር። ማስረጃ ተመለሰ። ከሦስቱ ጣቶች አጠገብ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ፣ ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ ብሎኑን ነካ፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መለሰ።

«አየሁ።»