ሳይቀመስ የተጫነ መቁጠሪያ

እህተማርያም ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ከአንድ በር የማትሰፋ ሱቅ ነበረቻት። ዘመኑ 1998 ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ዛሬው በየልጁ እጅ አልገባም፤ ቢሆንም ናይሮቢ ያለ ሐበሻ እንደምንም ብሎ አንድ ይይዝ ነበር። እሷም የስልክ ክሬዲት ትሸጣለች፣ ቻርጀር ትሸጣለች፣ የተሰበረ ሽፋን ትቀይራለች። የምትታወቀው ግን ስልክ ላይ ፕሮግራም በመጫን ነበር። ፕሮግራም ያኔ ከአንድ ከታወቀ መደብር የሚወርድ ነገር አልነበረም። ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል፤ አለዚያም በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ ይመጣል። ከየት ተነሥቶ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

እህተማርያም ትጠይቅ ነበር።

"ማን ሰጠህ?" ትላለች። ይነግሯታል። "ለሱስ ማን ሰጠው?" እዚህ ላይ ብዙው ሰው ይስቃል። "ማን ሠራው?" ስትል ደግሞ ሳቁን ትቶ ሰዓቱን ያያል።

ከዚያ ከባንኮኒው ሥር መስታወቷ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ታወጣለች። ሲምካርድ የላትም፤ የማንም ስም፣ የማንም ፎቶግራፍ የለባትም። ስሟ ቀማሿ ነው። አዲስ የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እሷ ላይ ይጫንና ሦስት ቀን ያድራል። በነዚያ ቀኖች እህተማርያም እንደ አራስ ትጠብቃታለች። ባትሪዋ ያለወትሮዋ ይሟጠጣል ወይ? የተዘጋው ብሉቱዝ በገዛ ራሱ ይከፈታል ወይ? አንድ ጊዜ የኳስ ጨዋታ ነው ተብሎ የመጣ ነገር መልእክት ለመላክ ፈቃድ ቢጠይቃት፣ "ኳስ ተጫዋች ደብዳቤ ምን ያደርግለታል?" ብላ አጥፍታዋለች። ሦስቱ ቀን በደህና ካለፈ የሰውየውን ስልክ ትቀበልና፣ ከመጫኗ በፊት በውስጡ ያሉትን ስሞችና ቁጥሮች በወረቀት ገልብጣ ትሰጠዋለች።

ጎረቤቷ ኩለሱም፣ ጨርቅ የምትሸጥ የሞያሌ ልጅ፣ በዚህ ነገር መቀለድ አይሰለቻትም።

"እኔ ባሌን በሁለት ቀን ነው ያገባሁት፤ አንቺ ለጨዋታ ሦስት ቀን ትጠብቂያለሽ።"

"ሦስት ቀን ጠብቀሽ ቢሆን ታገቢው ነበር?"

ኩለሱም ትንሽ አስባ "ልጆቹን እወዳቸዋለሁ" ትላለች።

እህተማርያም ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ልማድ ያመጣችው ከደብረ ብርሃን፣ ከአክስቷ ጠጅ ቤት ነው። ልጅ ሳለች እዚያ አሳላፊ ነበረች። ጠጅ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት አሳላፊዋ ከብርሌው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እንግዳው እያየ ትቀምሳለች። አንድ ቀን የምታውቃቸው ሰውዬ ስለሆኑ ሳትቀምስ ብታቀርብ አክስቷ ጓዳ ጠርታ ቆነጠጠቻት። "የምትቀምሺው ስለሚጠረጥሩሽ መሰለሽ? እንዳይጠረጥሩሽ ነው እንጂ። ደግሞ ማሩን ያመጣውን አንቺ ታውቂዋለሽ?" አለቻት። እህተማርያም ከዚያ ወዲያ ብዙ አገር አይታለች፣ ብዙ ምክር ሰምታለች፤ እንደዚያ ቁንጥጫ የቆየላት ግን የለም።

ይህን ሥርዓቷን በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጣሰችው። ዐቢይ ጾም ሰኞ ሊገባ፣ ዓርብ ዕለት ነበር።

የመጡት ጋሽ ገብረመድህን ናቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው። አገር ቤት ሳሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ናይሮቢ ላይ ግን ሥራው ሲገኝ ሲጠፋ፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቤት ውለዋል። ሰው የሚያከብራቸው በዓላትንና አጽዋማትን በጣታቸው ቆጥረው፣ በፈረንጅ ቀን ስንት እንደሚውል ስለሚናገሩ ነው። የባዕድ ካላንደር ተሰቅሎ በሚኖርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምና ግን አንዲት ባልቴት የባሏን ሙት ዓመት ብትጠይቃቸው በአንድ ሳምንት ተሳሳቱ። ሴትዮዋ ደግሳ ሰው ጠርታ ነበር። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሲቆጥሩ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተት ያደርጋሉ።

"እህቴ፣ በሁለት ነገር መጣሁ" አሉ ቁጭ ብለው። "አንዱ ደስታ ነው። ኢምባካሲ ያለ አንድ የጭነት ድርጅት ለመጋዘኑ ሰው ይፈልጋል። አነጋግረውኛል። እስከ ረቡዕ እንደውላለን፣ ካላገኘንህ ቀጣዩን እንጠራለን ብለውኛል።"

"እግዜር ይመስገን። ሁለተኛውስ?"

ስልካቸውን አወጡ። ሙሉዓለም የላከላቸው የጾምና የበዓል መቁጠሪያ ውስጡ አለ። ሙሉዓለም ጊጊሪ ሰፈር ላለ ድርጅት ሾፌር ነው፤ የጽዋ ማኅበራቸውም ሙሴ፣ መሪው፣ እሱ ነው። መቁጠሪያው በአማርኛ ፊደል ነው፤ ቀኑን ከነፈረንጁ ያወጣል ተብሏል። ጋሽ ገብረመድህን ሊከፍቱት ሲሉ ግን ስልኩ ጥያቄ አቀረበባቸው። እህተማርያም እንግሊዝኛው ባይሆንላትም ያችን ጥያቄ በቃሏ ታውቃታለች፤ የዚህ ፕሮግራም ሠሪ አይታወቅም፣ ይጫን ወይ ነው የምትለው።

"ማክሰኞ ይምጡ። መጀመሪያ ቀማሿ ላይ ልየው።"

"ጾሙ እኮ ሰኞ ነው የሚገባው።"

"ሰኞ መግባቱን ካወቁማ መቁጠሪያው ለምን አስቸኮለዎት?"

"ያወቅሁ ይመስለኛል" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አምናም ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።"

እህተማርያም ስልኩን ተቀብላ አየችው። እሳቸው ቀጠሉ። "ደግሞስ የጾም መቁጠሪያ ይቀመሳል? የማኅበራችን ሙሴ በእጁ የሰጠኝን ነገር? ሙሉዓለም መርዝ ያቀብላል ነው የምትዪኝ?"

ኩለሱም በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የእህተማርያም መልስ አፏ ላይ ነበር፤ ሙሉዓለምን አውቀዋለሁ፣ የማላውቀው የሠራውን ነው ልትል። ነገር ግን የሽማግሌው ቀኝ እጅ ኪስ ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየች። ስሞቹን በወረቀት ሳትገለብጥ፣ ቀማሿንም ሳታወጣ፣ ይጫን የሚለውን ተጫነችው።

መቁጠሪያው ተከፈተ። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ያማረ። "የካቲት ሃያ፣ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾም" ብለው አነበቡ፤ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተውም መረቋት።

ቅዳሜ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ሞቆ ዋለ። ባትሪው እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ቢሞሉት ሁለት ሰዓት አልቆየም፤ ክሬዲቱም ያለ ምንም ጥሪ ተሟጠጠ። እርጅና ነው፣ ስልኩም እንደኔ ደከመው ብለው ተዉት።

እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲጨዋወት፣ ከዚህም ከዚያም ስልክ ይንጫጫ ጀመር። እንደ ጋሽ ገብረመድህን ያለ ስልክ የያዘው ሁሉ ከገብረመድህን የተላከ አለ፣ ይቀበላሉ ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

"ጋሼ፣ ምን ላኩልን?" አለች አንዲት ሴት።

"ኧረ ምንም አልላክሁም።"

"ዝም ብለው ነው፤ ትሕትናቸውን አታውቁም?" አለና አንዱ ተቀበለ። ሌላውም ተቀበለ። ጋሽ ገብረመድህን የላኩት ደግ ነገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሙሉዓለም ስጦታው እንዲህ ሲሰራጭ እያየ ፈገግ ይላል።

እህተማርያም ከሴቶቹ በኩል ሆና ሰማች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ያለቀው ባትሪ ትዝ አላት፤ ሽማግሌው ጠዋት ወደ ቅዳሴ ሲገቡ ነግረዋታል። ያ ስልክ እስከ ረቡዕ በርቶ መቆየት ያለበት ስልክ ነው።

መሐል ገብታ "ስልካችሁን ዝጉ" አለች። "ብሉቱዛችሁንም አጥፉ። የተቀበላችሁ እንዳትከፍቱት። ይሄ ነገር በሽታ ይዟል፤ እሳቸው አልላኩትም፣ በራሱ ነው የሚሄደው።"

ሙሉዓለም ፊቱ ተለወጠ። "እኔ ነኝ ለጋሼ የሰጠሁት። በሽታ አዳይ ሆንኩ ማለት ነው?"

"አንተ ሰጠህ። ይጫን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

"ሱቅሽ ስላልመጡ ይሆናል" አለ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው። ጥቂቶች ሳቁ። እህተማርያም ከፊት ያለችውን ሴት ስልክ ተቀብላ፣ ባትሪውን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ሰኞ ጠዋት የጋሽ ገብረመድህንን ስልክ ሱቋ ውስጥ አጠበችው። ሌላ መላ አልነበረውም፤ ውስጡ ያለው ሁሉ መጥፋት ነበረበት። መቁጠሪያው ጠፋ፤ ከመቶ የሚበልጡ ስሞችም ጠፉ። የኢምባካሲው ድርጅት ቁጥርም አብሮ ሄደ። አሁን እሳቸው መደወል አይችሉም፤ ይደውሉልኛል ብለው መጠበቅ ብቻ ነው።

የታጠበውን ስልክ አላመነችውም። ቀማሿንም አልሰጠቻቸውም፤ ስንቱን የበላ ሆድ ነው ያላት። የራሷን ስልክ ፈትታ፣ ሲምካርዷን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ የሳቸውን አስገባችበት።

"አንቺስ?" አሉ።

"እኔ ሱቅ ነኝ፤ የፈለገኝ ይመጣል።"

ሰኞ አልተደወለም። ማክሰኞ ሙሉዓለም መጣ፤ ኩርፊያው ገና አልለቀቀውም። "የሠራውን ማወቅ ነው የምትፈልጊው አይደል? በይ እንፈልገው" ብሎ የራሱን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ መቁጠሪያውን ላከው እንጂ እሱ ራሱ አልጫነውም ነበር። መቁጠሪያውን ያመጣችለት አየር መንገድ የምትሠራ የእህቱ ልጅ ናት። እሷ የወሰደችው ከጓደኛዋ፣ ጓደኛዋም ስልክ ከሚጠግን ሱቅ ነው። እንዲህ ሲሉ ሲሉ፣ በአራተኛው ጥሪ አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ ዘንድ ደረሱ። ልጁ ለእናቱ ብሎ የሠራው ነው። ስንት ኪሎባይት እንደሆነ ጠየቃቸው። እህተማርያም ነገረችው፤ በራሱ ከስልክ ወደ ስልክ እንደሚሄድም አከለችበት።

"የኔ ከዚያ ያንሳል። የጨመረውን እኔ አላውቀውም፤ ደግሞ የኔ በራሱ የትም አይሄድም" አለ።

ሙሉዓለም ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። "ልጁ ደግ ልጅ ነው" አለ።

"ልጁም ደግ፣ የእህትህ ልጅም ደግ፣ አንተም ደግ። መሐል ላይ የታመመ ስልክ ላይ አድሮ መጣ። እኔ ደግሞ አንተን አምኜ መንገዱን አመንኩት" አለች።

ልጁ ንጹሑን በኢሜይል ሊልክላቸው ቃል ገብቶ ነበር። ሙሉዓለም ሲወጣ "ሲመጣ ሦስት ቀን ይደር" አለ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

ረቡዕም አልተደወለም።

ሐሙስ እህተማርያም ሱቋን ዘጋችና ሽማግሌውን ይዛ በሁለት ማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ኢምባካሲ ወረደች። የድርጅቱ ጸሐፊ ወጣት ኬንያዊት ናት፤ ስማቸውን መዝገብ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደውለን ነበር፣ ዝግ ነው አለን፣ ሌላ ሰው ሰኞ ጀመረ አለቻቸው በስዋሂሊ። "ፖሌ ሳና፣ ምዜ" አለች አዝና፤ በጣም ያሳዝናል፣ አባቴ ማለቷ ነው።

ጋሽ ገብረመድህን አንገታቸውን ነቀነቁ። እህተማርያም ቀኖቹን ቆጠረች፤ ስልኩን ያጠበችው ሰኞ፣ ጥሪው የመጣው ቅዳሜ። መዳኛው ቀን ዓርብ ብቻ ነበር።

ጸሐፊዋ አዝናላቸው ይመስላል፣ ሌላ ቦታ ሲከፈት እንጠራዎታለን ብላ እርሳሷን አነሣች። "ይሄ ቁጥር ከተዘጋ የምንደውልበት ሌላ ቁጥር አለዎት?"

እህተማርያም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ልጅ የላቸውም፤ ሙሉዓለምን ይሰጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን የሷን ቁጥር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እጃቸውን ኪስ ውስጥ ሳይከቱ በጣታቸው እየቆጠሩ አስመዘገቡ።

በማታቱ ሲመለሱ "ጋሼ፣ የኔን ለምን ሰጡ?" አለች።

"የጠፋብኝን ካንቺ ሌላ ማን ያስብልኛል?" አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

ጾሙ በዚህ ሁኔታ ተጾመ። ፋሲካም ዋለ። እህተማርያም ሲምካርዷን ከመሳቢያ አውጥታ ሌላ ስልክ ውስጥ ካስገባች ወዲህ ስልኳን አጥፍታ አታውቅም፤ የማታውቀው ቁጥር በመጣ ቁጥር ደንበኛዋን አቋርጣ ትነሣለች። ኩለሱም "ባል መጣልሽ እንዴ?" ትላታለች። የኩባንያ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የተሳሳተ ጥሪ ይሆናል። ትቀመጣለች።

ግንቦት ሲጋመስ፣ ከረፋዱ ላይ፣ ስልኳ ጮኸ። አንዲት ሴት በስዋሂሊ የምዜ ገብረመድህን ቁጥር ዝግ ነው አለን፣ እዚያ አሉ ወይ አለች። የመጋዘኑ ኃላፊነት ሳይሆን፣ በሩ ላይ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ነው የሚፈለገው፤ ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ።

"አሉ፣ እዚሁ አጠገቤ ናቸው" አለች እህተማርያም።

አጠገቧ የነበረችው ኩለሱም ናት። የሽማግሌው ቤት ከገበያው ማዶ፣ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። እህተማርያም ለኩለሱም ሱቁን በዓይኗ አደራ ብላ ወጣች። መስመሩ እንዳይቋረጥ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ፣ በሙዝ ሻጮቹና በማታቱዎቹ መሐል ነጠላዋን እየሰበሰበች ሮጥ ሮጥ አለች። "አንድ ደቂቃ፣ እየመጡ ነው" ትላለች። "ይቅርታ፣ ጫማቸውን እያደረጉ ነው።"