ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማ ቤዝ

ልጄ ከሰርግ ባንድ ጋር ቤዝ ጊታር ልትጫወት መሆኑን የነገረችኝ ቀን መጀመሪያ የፈራሁት ኮረንቲውን ነው። ጅጅጋ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይመጣና የጎረቤት ፍሪጅ አቃጥሎ ያልፋል። እሷ የብረት ክር በጣቷ ይዛ፣ በሽቦ ከሶኬት ጋር ተያይዛ ልትቀመጥ ነው። ከኮረንቲው ሌላ የሰው ዓይን አለ። እኛ ከመሀል አገር መጥተን ጨርቅ የምንሸጥ ሰዎች ነን። ቤዙን የለመደችው በጸሎት ቤታችን መዘምራን ውስጥ፣ በተውሶ ጊታር ነው። ከወንዶች ባንድ ጋር ሰው ሰርግ ላይ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

የእሷ ፍርሃት ከኔ ይለያል። የባንዱ አለቃ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰርጉን ሁሉ ቤዙን በግራ እጁ እየነካካ ነበር የሚወጣው። «አንድ ሰርግ ላይ እናይሻለን» አላት። «የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ነይ። ካልተሰማሽ ግን እኔን ግራ እጄ ይበቃኛል።» ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም።

ዕቃ ልንመርጥ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጥበት ተራ ሄድን። ሻጩ ሁለት ቤዝ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። አንዱ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ አምስት ክር ነው፤ ሌላው ቡኒ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ባለ አራት። እኔ ቀዩን አሳየኋት። እሷ ቡኒውን አወረደች። ከምንም ጋር ሳታገናኘው አገጯን እንደ ቀንድ በወጣው የእንጨቱ ጫፍ ላይ አስደግፋ ወፍራሙን ክር መታችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እማ፣ ነይ አንቺም።»

«ምን ላድርግ?»

«ጥርስሽን ግጠሚና አገጭሽን እዚህ ጋ አድርጊ።»

ሻጩ ሳቀ። «ወላሎ፣ ጊታር ነው እንጂ ሸንኮራ አይደለም!» አለኝ። ወላሎ፣ እህቴ ማለቱ ነው።

አገጬን አስደገፍኩ፤ እሷ ክሩን መታች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ስፒከር የለ፣ ኮረንቲ የለ፤ ድምፁ በመንጋጋዬ ገብቶ ጆሮዬን ከውስጥ አንኳኳው። ቆየም፤ እየቀጠነ እየቀጠነ ቆየ። ቀዩንም እንዲሁ ሞከረችልኝ፤ እሱ ዱብ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ደረቅ እንጨት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም አላነሳሁም።

አምፕሊፋየሩንም የመረጠችው እሷ ናት። ሻጩ ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለው ትንሽ ሳጥን አቀረበ። እሷ ጥግ ላይ ወደቆመው፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ብቻ ወዳለው አስቀያሚ ጥቁር ሳጥን ሄደች። «ትንሹ ይጮሃል፤ ሆድ ግን የለውም» አለችኝ። ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ከፈልኩ። ባጃጅ ውስጥ ሳጥኑ ወንበሩን ሙሉ ያዘው፤ እኔና እሷ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለን ሄድን። ባለባጃጁ ዞር ብሎ አየንና «ሙሽራውን የት ላድርሰው?» አለ።

ቤት ደርሰን ሶኬቱ ላይ ስትሰካው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። «ጫማ አድርጊ! እጅሽ እርጥብ እንዳይሆን!» እላለሁ። እሷ ትስቃለች። ክሩን ስትነካው ቡፌው ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ተደገፉት ተደገፉት ይላል። «ይሄ ነው፤ በቃ፣ እንዳትነኪው» አልኳት። እሷ ግን ማዞሪያዎቹን ይዛ ወፍራሙን ድምፅ ቀነሰች፣ መሀለኛውን ከፍ አደረገች። ያ ያማረ ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው ሆነ።

«ምነው አበላሸሽው?»

«እማ፣ ብቻውን ሲያምር የነበረ ድምፅ ሰው መሀል ሲገባ ይዋጣል። ይሄኛው ለብቻው አያምርም፤ ኪቦርድና ዘፋኝና ጭብጨባ ሲመጣበት ግን ተለይቶ ይሰማል።»

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይሄ ግን ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ልብ የሚያጠፋ የጨርቅ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ስንቴ አይቻለሁ።

የሰርጉ ቀን አብሬያት ሄድኩ። የሙሽራዋ አክስት ደንበኛዬ ስለሆነች ተጠርቼ ነበር፤ ባልጠራም እሄድ ነበር። እዚህ ብዙ ሰርግ ላይ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። አዳራሹን መሀሉ ላይ ከባድ የከፋይ መጋረጃ ከፍሎታል፤ ባንዱ በወንዶቹ በኩል ነው። አለቃው የኪቦርዱንና የዘፋኙን ስፒከሮች ረጃጅም እግር ላይ አቁሞ ወደ ወንዶቹ አዞራቸው። ለልጄ ሳጥን ቦታ ሲጠፋ መጋረጃው ሥር ወለሉ ላይ፣ ፊቱን ወደ መጋረጃው አድርገው አስቀመጡት፤ እሷም እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች። እንግዳ ሳይገባ ወዲያ ወዲህ እያሉ አዳመጡ፣ አስተካከሉ፣ ተስማሙ። በሴቶቹ በኩል ሄዶ ያዳመጠ ግን አንድም አልነበረም። ሰርጉ ከተጀመረ መሻገር አይችሉም፤ ሳይጀመር ደግሞ ትዝ አይላቸውም።

ሙዚቃው ተጀመረ። የዘፋኙን ቃል መጋረጃው ዋጠው። ኪቦርዱ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነው። ቤዙ ግን! በመጋረጃው ሥር ሾልኮ፣ ወለሉን ይዞ መጣ። መጀመሪያ በወንበሬ እግር ነው የሰማሁት። የያዝኩት ሻይ ላይ ክብ ክብ ሠራ። ቀና ብዬ ሴቶቹን አየሁ፤ ስስ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው የሚረግጡት በሱ ነው። እሷ ስትመታ ትከሻቸው ይወርዳል፣ ስትለቅ ይነሳል። ያን ሁሉ ሴት የሚያንቀሳቅሰው እቤቴ ሽንኩርት ሲከትፍ የማውቀው ጣት ነው።

ከዚያ ቆመ።

ማዶ ዘፈኑ አለ፣ ጭብጨባውም አለ። በእኛ በኩል ግን እግሮቹ ተደነባበሩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ኮረንቲው! ወንበሬን ገልብጬ ሮጥኩና የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥኩ። ደህና ናት። ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ አንገቷን ደፍታለች። አለቃው በግራ እጁ ቤዙን ይጫወታል። «ድምፅሽ አይሰማም፣ አቁሚ አለኝ» አለችኝ፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

አፌን ሳልከፍት የሙሽራዋ አክስት ከኋላዬ መጥታ መጋረጃውን ገፋችው።

«አንተ! ከበሮውን ማነው ያስቆመው?»

አለቃው ደነገጠ። «ኤዶ፣ ከበሮው እዚህ ኪቦርዱ ውስጥ ነው፤ አልቆመም እኮ።» ኤዶ፣ አክስቴ እንደማለት ነው።

«ቆሟል! ደረቴን ሲመታኝ ነበር፤ አሁን የለም። ልጆቼ ተገትረዋል!»

«ይኸው እየተጫወትን አይደል እንዴ?»

«ለማን? ለራስህ? ናና ስማ!»

«ኤዶ፣ ሴቶቹ ጋ እንዴት ልግባ?»

«ዓይንህን ጨፍን!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አለቃው ኪቦርዱን በራሱ እንዲመታ ትቶት መጣና ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ አንገቱን ብቻ በመጋረጃው አሾለከ። በእልልታ ተቀበሉት። አንዷ «ሁለተኛ ሙሽራ መጣ!» ብላ ጮኸች።

«ምቺ» አልኳት ልጄን።

መታች። እኔ የማየው የአለቃውን ፊት ነበር። ዓይኑን እንደሸፈነ አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አክስቲቱ ግን «ኧረ ከበደ! ነጎድጓድ ሆነ፤ ቅድም እንዲህ አልነበረም» አለች። ልጄ ድምፅሽ አይሰማም ስትባል ጨንቋት ወፍራሙን እስከ መጨረሻው ከፍታው ኖሯል። እኔ አንድ እግሬ ወንዶቹ ጋ፣ አንድ እግሬ ሴቶቹ ጋ ሆኖ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ ወፍራሙን ዝቅ፣ መሀለኛውን ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ትንሽ። ድምፁ ጠራ። እያንዳንዱ ምት ለየብቻው፣ እንደ ሰው አረማመድ መጣ። አክስቲቱን «አሁንስ?» ልላት ስዞር የለችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ መሀል ገብታለች።

ዕቃ ሲጫን አለቃው ወደኔ መጣ። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰርግ ስጫወት እነሱ ምን እንደሚሰሙ አንድ ቀን አላሰብኩም» አለኝ። ቀጥሎም «ቅዳሜ ደገሀቡር ሰርግ አለን። ልጅቷ ከኛ ጋር ናት። እርስዎም ከቻሉ ይምጡ፤ ከማዶ የሚያዳምጥልን ሰው የለንም» አለ።

ልጄ መኪናው ላይ ሆና ሳጥኑን በገመድ እያሰረች ነበር። ዞር አላለችም፤ እጇ ግን ቋጠሮው ላይ ቆመ።

እሺ አልኩት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄጄ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግኩ።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«ደገሀቡር ሩቅ ነው» አልኩት።