ሸክም የማያሳልፈው በር

ጩኸቱ ሲሰማ ቢያድግልኝ ቢሮው ውስጥ እርሳስ እየቀረጸ ነበር። ሮጦ ሲደርስ መንገዱ ላይ ማንጎ ተበትኗል፤ ገሚሱ ፈርጧል፣ ገሚሱ ገና ቁልቁል ይንከባለላል። አንዲት ሴት በጎኗ ወድቃለች። እግሯ ከጉልበቷ በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። አጠገቧ ብስክሌት ተጋድሟል፤ የፊት ጎማው አሁንም ይሽከረከራል። ይህ የሆነው ቢያድግልኝ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ በሠራው ማቋረጫ ላይ ነው። ማቋረጫው ከተከፈተ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ቢያድግልኝ በደጋው ያለችው የወንበራ ደብረ ዘይት ልጅ ነው። ንድፍ ያወቀው ተምሮ አይደለም፤ አንድ ግንበኛ ጥሎት የሄደውን መጽሐፍ ገጾቹ እስኪላላጡ አንብቦ ነው። ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ ዋና ከተማው አሶሳ ሰው ስትፈልግ በማዘጋጃ ቤት ተቀጠረ። ሥራውን ከእግዚአብሔር እጅ እንደተቀበለው ያምን ስለነበር ሳያማትብ መስመር አያሰምርም ነበር።

ከዳገቱ የሚወርዱት ብስክሌቶችና ወደ ገበያ የሚሄዱት እግረኞች ዋናውን የጠጠር መንገድ የሚያቋርጡት አንድ ቦታ ላይ ስለነበር፣ ግጭት የማይሰማበት ሳምንት አልነበረም። ቢያድግልኝ መንገዳቸውን ለየላቸው። በኖራ የተቀቡ ቋሚዎች ተክሎ ለብስክሌት ሰፊ በር፣ አጠገቡ ደግሞ ለእግረኛ ጠባብ በር አበጀ። የእግረኛውን ያጠበበው ብስክሌተኛ እየበረረ እንዳይገባበት ነው። ልኩንም በግምት አልወሰደም። የቢሮውን ጽዳት ሠራተኛ፣ እንደሱ ከደጋ የመጣችውን ማሚቱን፣ እንስራ አሳዝሎ በሁለት እንጨት መካከል አሳልፏታል።

«እንኳን እኔ፣ ሌላ ማሚቱ ብትጨመርም ታልፋለች» ብላ ስቃበት ነበር።

እሱም በማስታወሻው ላይ «ለሸክም ይበቃል» ብሎ ጻፈ።

አሁን ብስክሌተኛው አልአሚን፣ ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ ሳሙና እያመጣ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። «ወላሂ ደወል አድርጓል እኔ። በር የኔ ነው። እሷ በኔ በር ገባ።»

«ለምን በእግረኛው በር አላለፈችም?» አለ ቢያድግልኝ።

ማንጎ የምትለቅም አንዲት የአገሬው የበርታ ሴት ቀና ብላ አየችው። «የቱ በር?»

«ያ፣ ጠባቡ።»

«እሱ የሰው ነው? እኛ የፍየል መስሎን።»

ሴትየዋ ሳዕዲያ የምትባለውን የተጎዳችዋን ሴት እንጨት ከመሬት አነሳች፤ በሁለት ጫፎቹ ቅርጫት የሚንጠለጠልበትን ረጅም የትከሻ መሸከሚያ። ትከሻዋ ላይ አጋደመችና ወደ ጠባቡ በር ሄደች። እንጨቱ ግራና ቀኝ ከቋሚዎቹ ጋር ተጋጭቶ ቋ አለ። በሁለቱም በኩል ከክንድ በላይ ተርፎ ነበር።

ቢያድግልኝ ተርፎ የቆመውን ጫፍ አየ። የዚህ አገር ሴት በጀርባዋ አታዝልም፤ በትከሻዋ ነው የምትሸከመው። ይህን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከጎረቤቶቹ እንጨት ጫፍ ለመዳን ወደ መንገድ ዳር እየወጣ የቆመው እሱ ራሱ ነው። እግሩ የሚያውቀውን ነገር እጁ ሲነድፍ እንዴት ረሳው? ሳዕዲያን በቃሬዛ ሲወስዷት እንጨቷን ተቀብሎ ቢሮው አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ አለቃው አቶ ቢሻው ጠሩት።

«ሪፖርቱ አጭር ይሁን። ተጎጂዋ የተመደበላትን በር አልተጠቀመችም በል። ነገሩ ይዘጋል።»

«አታልፍበትም እኮ ጋሼ።»

«ሸክሟን አውርዳ ማለፍ ትችል ነበር። ከእንግዲህ ሸክም ይዞ በብስክሌት በር ማለፍ እንከለክላለን። አንተም ከጣጣ ትድናለህ።»

ቢያድግልኝ ወረቀቱን ሳበ። ይህን ከፈረመ የተሰበረችው ጥፋተኛ ልትሆን፣ የገበያው ሴቶች ሁሉ መንገድ ሊያጡ ነው። እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ሳዕዲያ በእግረኛው በር ያላለፈችው በሩ ስለማያሳልፋት ነው። የለካሁት እኔ ነኝ። የለካሁትም በእኔ አገር ሸክም ነው።»

አቶ ቢሻው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከሥራ ያስወጣሃል ይሄ።»

«ያስወጣኝ ይሆናል።»

«ሞኝ ነህ ቢያድጌ።» አቶ ቢሻው ማኅተሙን አንስተው እስትንፋሳቸውን ሃ ብለው ተነፈሱበትና መቱት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። የሳዕዲያ እግር በጀሶ ታስሯል፤ ነፍሷ ተርፋለች። በሩ ላይ ቆሞ አምላኩን አመሰገነ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ግን ድፍረት አጣ።

«አንተ ነው በር የሠራው?» አለችው ከአልጋው ላይ።

«እኔ ነኝ እህቴ።»

ስድብ ጠበቀ።

«እንጨት የኔ የት አለ?»

ይዞላት መጥቶ ነበር። ገብቶ እንጨቱን ከግድግዳው አስደግፎ ሜትሩን ዘረጋበትና ለአዲሱ በር ልክ ርዝመቱን ጮክ ብሎ አነበበላት።

«አይበቃም» አለች። «ስንሄድ ቅርጫት ይወዛወዛል።»

ቢያድግልኝ ቀና ብሎ አያት። ይህንንም አላሰበውም ነበር። «ምን ያህል?»

ሳዕዲያ ከሕመሟ የተነሣ እያቃሰተች ቀና አለች፤ እጆቿንም ግራና ቀኝ መዘርጋት ጀመረች።