ሲኞራ ወጥተዋል

ከአሰላ የተነሳሁት አመሻሽ ላይ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሻንጣዬን እየፈታች መልሳ ስታስር ዋለች። አንድ ልብስ ባወጣች ቁጥር ጩኮ ትጨምራለች። እዚያ ላላችሁት ጩኮን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ አርሲን ለማታውቁ ግን ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በንጥር ቅቤ የታሸበት፣ አንድ ጉርሻው ግማሽ ቀን የሚያቆም ምግብ ነው። «እማ፣ አገሩ እኮ ጣሊያን ነው፣ የሚበላ አይጠፋም» አልኳት። «እሱን ደርሰሽ ትነግሪኛለሽ» ብላ ወፍራሙን ሹራቤን አወጣችና ጩኮ የሞላ ጣሳ አስገባች። ሚኒባሱ ደጅ ላይ ጥሩንባ ሲነፋ አቅፋኝ «ነጋን ገሊ» አለችኝ፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። እናቴ ስትናደድ በአማርኛ፣ ሆዷ ሲባባ በኦሮምኛ ነው የምትናገረው። እስከ ኢተያ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

የምሄደው ቶሪኖ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሰሚራ እዚያ አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ቆይታ ወደ ጀርመን ልትሻገር ስትል ቦታዋን ለእኔ አስያዘችልኝ። ውሉም የመኖሪያ ፈቃዱም በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቋንቋውን ምን ላድርገው ስላት ሳቀችብኝ። አጎቴ አሰላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ያደግሁት እዚያ ነው። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ ስል የኖርኩ ሰው ጣሊያንኛ እንዴት ይከብደኛል? እኔም አመንኳት።

ሚላኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የጉምሩክ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ጣሳውን ከፍቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምግብ የሚለውን ቃል አላውቅም። ከማውቃቸው የሚቀርበውን ፈልጌ «ፉርኖ» አልኩት። እኛ ፉርኖ ዱቄት እንል የለ? በእነሱ ግን ፎርኖ ምድጃ ነው። ሰውዬው ጣሳውን ገለባብጦ ምድጃ ፈለገበት። ባልደረባውን ጠራ፤ እየተቀባበሉ አሸተቱ። ባልደረባው በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ፣ ፊቱ ፈካ አለ፣ ደግሞም ቀመሰ። ከዚያ «ቪየታቶ» ብሎ ከነጣሳው ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ክልክል ማለት ነው። ቃሉ ወዲያው ገባኝ። ሁለቴ ቀምሶ መጣሉ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሲኞራ ኤልቪራ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ፣ ሲቀመጡ ወገባቸው የማይጎብጥ ሴት ናቸው። አንዳንድ ቀን ስለሚረሱ ልጃቸው ዳቪዴ ብቻቸውን ከቤት እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን የማርያም ሥዕል ፊት ቆመው «ካንዴላ» አሉኝ። ግራ ገባኝ፤ ሴትዮዋ መኪና የላቸውም። ለካ ሻማ ነው። ሞተር የምታስነሳዋን ካንዴላ ብቻ ሳውቅ ኖሬ ሻማ ነው ሲሉኝ፣ አጎቴን ደውዬ ለመንገር ቸኮልኩ።

የባሰው ደግሞ «ቱ» ነው። ስልኬ ላይ «አንቺ» ማለት «ቱ» ነው የሚል አግኝቼ «ቱ፣ ሲኞራ» እያልኩ እጠራቸው ጀመር። ራሴም ደስ አላለኝም፤ በአገሬ ቱ የሚባለው ሲተፋ ነው። ሲኞራም ደስ አላላቸውም። ጣታቸውን ወደ ድመቷ ቀስረው፣ ቱ የምትባለው እሷ እንደሆነች አስረዱኝ። ለትልቅ ሰው «ሌይ» ነው የሚባለው፤ የእኛ እርስዎ መሆኑ ነው። ግን ሌይ ማለት «እሷ» ማለትም ነው። ስለዚህ ዳቪዴን፣ ያን ጺማም ሰውዬ፣ በአክብሮት «እሷ ቡና ትፈልጋለች?» ማለት ነበረብኝ። አሰላ ውስጥ እንዲህ ብዬው ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጥብኝ ነበር።

ዳቪዴ ግን ለቀልድ አልመጣም። ሰሚራ ጣሊያንኛዋ ውሃ ስለነበር እኔም እንደሷ መስዬው ነበር። አንድ ቅዳሜ ስልኩ ላይ ያለውን መተርጎሚያ ከፍቶ ተናገረበትና አስነበበኝ፦ «እናቴ ከወደቀች ደውል። እስከ ፋሲካ ካልተናገርክ ሌላ ሰው ትሆናለህ።» ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። እሱ ሳይስቅ ሲቀር እኔም ተውኩ። ሥራው ከሄደ ፈቃዱም ይሄዳል፤ ፈቃዱ ከሄደ ደግሞ አሰላ ስመለስ ለሰፈሩ ምን ብዬ እነግራለሁ?

ያዳነኝ ከቤታችን ሥር ያለው መናፈሻ ነው። ፀሐይ ስትወጣ በየቤቱ አዛውንት የምንጠብቅ ሴቶች ሁሉ እዚያ እንሰበሰባለን። የቶሪኖ ፀሐይ ታታልላለች፤ ታበራለች እንጂ አትሞቅም፣ ልክ ዝናብ ባባራ ማግስት ጭላሎ ተራራ ላይ እንደምትወጣዋ። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ቀይ ፀጉር ሴት ወደተቀመጠችበት አካባቢ ስሄድ «ኑ፣ ኑ!» አለችኝ። አክብራ የጠራችኝ መስሎኝ ሄጄ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ቀለም መቀባቱ ነበር። በሮማንያኛ «ኑ» ማለት «አይሆንም» ነው። ከሴትዮዋ፣ ከዶይና፣ ጋር የተዋወቅነው ቀሚሴን በጋዝ ስናሽ ነው። ከፔሩ የመጣችው ማርሌኒም ጨርቅ ይዛ እየሳቀች መጣች። የእሷ ቋንቋ ስፓኒሽ ነው።

ሦስቱ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች እንደሆኑ በስባሪ ጣሊያንኛና በእጅ ምልክት የነገረችኝ ዶይና ናት፤ እናትየዋ ላቲን ናት፣ ሞታለች። ይሄ አልከበደኝም። እኛ «ዓይን» ስንል የትግርኛ ተናጋሪ «ዓይኒ» ይል የለም? ስለዚህ አንዱን ቃል ከሦስቱም ጎን ለጎን እያሰለፍኩ መያዝ ጀመርኩ። ወተት ለሲኞራ ላቴ ነው፣ ለማርሌኒ ሌቼ፣ ለዶይና ላፕቴ። ሌሊት ኖቴ፣ ኖቼ፣ ኖዋፕቴ። ስምንት ኦቶ፣ ኦቾ፣ ኦፕት። መንገዱ ከገባሽ አንዷን ስትሰሚ ሌሎቹን ራስሽ ትሠሪያቸዋለሽ። እጅ ማኖ ነው፤ ለዚህስ መማርም አላስፈለገኝ፣ አሰላ ሜዳ ላይ ኳስ በእጁ የነካ ሁሉ ማኖ ሲባል ነው ያደግሁት። ዶይና «ምነ» ትለዋለች። ይቺ ጣሊያኖቹ ሞክረው ሞክረው ያቃተቻቸው የእሷ «ም» የእኛው ሳድስ ናት፤ እኔ ባንዴ ስላት ዶይና አያቴ ሮማንያዊ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ቤት ደግሞ ካሳ ነው። ከቤቱ የራቀ ሰው ካሳ ይገባዋል ማለት ነው ብዬ ሳስረዳቸው፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ እንድነግራቸው ያዙኝ።

እህትማማቾች ግን ይዋሻሉ። ሲኞራ ቁርሳቸውን ዳቦ በቡሮ ይወዳሉ፤ ቡሮ ቅቤ ነው። ይህን ለማርሌኒ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በእሷ አገር ቡሮ አህያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኞራ ዳቧቸውን ሲቀቡ የሳጉሬ ገበያ አህዮች ከነስንዴ ጭነታቸው ይመጡብኛል። አንዴ ሳቄ አምልጦኝ ሲኞራ ምን እንዳሳቀኝ ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን የምነግርበት ጣሊያንኛ ስላልነበረኝ ተረፍኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለዳቪዴ በስልክ የምለውን መለማመድ ያዝን። ወደቁ፣ አመማቸው፣ ተኙ። «ወጡ» የሚለው ላይ ሁለቱ ተጣሉ። ማርሌኒ በስፓኒሽ «ሳሊር» ነው፣ ስለዚህ በጣሊያንኛ «ሳሊታ» ትያለሽ አለች። ዶይና ኑ፣ ኑ አለች፤ በሮማንያኛ ሌላ ነው፣ በጣሊያንኛም «ኡሺታ» ሳይሆን አይቀርም ባይ ናት። እኔ ሳሊታን መረጥኩ፤ ለምላሴ ቀለለኝ።

የስቅለት ቀን ሰገነት ላይ ልብስ አስጥቼ ስመለስ የሲኞራ ወንበር ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። መኝታ ቤት የሉም፣ መታጠቢያ ቤት የሉም። በደረጃው ሮጬ ወርጄ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ፤ የሉም። ትራሙ እየጮኸ ያልፋል። ለዳቪዴ ደወልኩ። «ሲኞራ ኤ ሳሊታ» አልኩት።

«ሳሊታ?» አለ። «ወዴት?»

አላውቅም አልኩት፤ ሳሊታ፣ ሳሊታ ብቻ።

መሥሪያ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ወዲያው ደረሰ። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገዱን እያሳየሁት፣ እሱ ግን በአጠገቤ አልፎ ደረጃውን ወደ ላይ ይሮጣል። እናቱ ውጭ ጠፍተው ሰውዬው ፎቅ ይወጣል። ተከተልኩት፤ እጁን ይዤ ልመልሰው ብሞክር አልሰማኝ አለ። በየበሩ እያንኳኳ እስከ መጨረሻው ፎቅ ወጣ። እዚያ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሲኞር ኤቶሬ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ። በሩ ሲከፈት ሲኞራ ኤልቪራ ጫማቸውን አውልቀው፣ ካርታ በአንድ እጅ፣ የቬርሙት ብርጭቆ በሌላው ይዘው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸውንም ቀለም ተቀብተዋል።

በጣሊያንኛ ሳሊታ ማለት ወደ ላይ ወጡ ማለት ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በእኛስ ቢሆን ከቤት የወጣም ወጣ፣ ጭላሎን የወጣም ወጣ አይደል?

ዳቪዴ ቁና ቁና እየተነፈሰ እናቱን አየ፣ ከዚያም እኔን። ሰሚራ ብትሆን የሉም ብላ ብቻ ስልኩን እንደምትዘጋው፣ እኔ ግን አጣርቼ እንደነገርኩት፣ ጣሊያንኛዬም ከሚጠብቀው በላይ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ግራዚዬ» ብዬ አመሰገንኩ፤ ሌላ ቃል ብጨምር እንዳይበላሽ ፈራሁ። ውሉ ታደሰ።

ሲኞራ ግን ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። ለካ እኔ ልብስ በማሰጣበት ሰዓት በየሳምንቱ ይወጡ ኖሯል፤ ይህን ሳውቅ ኖሬ ያጋለጥኳቸው መስሏቸዋል። በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከዚህ ወዲያ ዳቪዴ ሲጠይቅ ተኝተዋል እንድል፣ እሳቸውም በዶይናና በማርሌኒ ፊት ጣሊያንኛዬን እንዲያሞግሱ ተስማማን። ማርሌኒ ምስጋናው ለእሷ እንደሚገባ እስከ ዛሬ ታምናለች። ዶይና ደግሞ «ኑ» ትላለች።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ሲኞራ አጠገቤ ነበሩና ማን እንደሆነች ሲያውቁ ስልኩን ወሰዱብኝ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እሳቸው በጣሊያንኛ፣ እናቴ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ እየተደማመጡ እያወሩ ቆዩ። ስለ ጤና፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ብርድ መሆኑን ሁለቱም ያወቁት ይመስላል። በመጨረሻ እናቴ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ልጄን መቼ ነው የሚልኩልኝ በያቸው።»

ሲኞራ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ልጄን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ ብላለች አልኳቸው።

ሲኞራ ክንዴን ያዙ። «እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከዚህ የትም አትሄድም በያት» አሉ።

«እማ፣ ልጅዎ በቅርቡ ትመጣለች፣ አያስቡ ብለዋል» አልኳት።

ከኋላዋ አሰላ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ድምፃቸው ግን እንደዚያ አላለኝም» አለች።

«ኔትወርኩ ነው፣ እማ» አልኳት።