ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የአስማተኛውና የመነኩሲቷ ሙግት

የሻው አናጺ ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ ከጎንደር አራዳ ገበያ ወረድ ብላ ባለች አንድ በር ሱቁ በርና መስኮት ይሠራል። ሜትሩ ከኪሱ፣ እርሳሱ ከጆሮው አይለይም። ሚስቱ ሽታዬ «ይኸ ሰውዬ ሳይለካ አያነጥስም» ትለዋለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ዝማሬ የሚባል የፊዚክስ መምህር መጥቶ፣ እንደ ሉዶ ዳይስ የሚወረወር ግን ሃያ ፊት ያለው ነገር አዘዘው። የሻው ከዋንዛ ቆርጦ ሦስቱን አበላሸ። አራተኛውን ሁለት መቶ ጊዜ ወርውሮ የወጣውን ሁሉ ጻፈ፤ ከሌላው አብልጦ የሚወጣ ፊት አልነበረም።

«ለመሆኑ ምን ይሠራል?» አለ ሲያስረክብ።

«እሁድ ናና እየው።»

ሄደ። አራት ጎልማሶች ጠረጴዛ ከበው የሌለ አገር ይዞራሉ። እያንዳንዱ በወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ያ ሰው ዳይሱ በፈቀደለት ልክ ይዋጋል፣ ይማራል፣ ማዕረጉ ከአንድ ተነሥቶ እስከ ሃያ ይደርሳል። የሻው ማታ እራቱን ረስቶ ለሽታዬ ሲነግራት አመሸ። ከዚያ ወዲያ እሁድን አላሳለፈም። ነጎድ የሚባል አስማተኛ ፈጠረ፤ በስድስት ዓመትም ሃያኛ ማዕረግ አደረሰው።

እዚያ የደረሰ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ኤልሳቤጥ፣ የፈጠረቻት መነኩሲት። ሁለቱ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ክርክሩ ጨዋታውን አላስኬድ አለ። ዝማሬ መረረው።

«ሙግት ግጠሙ» አለ። «በዳይስ አይደለም። እንደ ጥንቱ፣ ተጠየቅ እየተባባላችሁ። የተረታ የፈጠረውን ሰው ወረቀት በገዛ እጁ ይቅደድ።»

የሻው የነጎድን ወረቀት ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። ስድስት ዓመት ያሳደጉትን ቀድዶ መጣል! ቃል ደግሞ እንደ እንጨት አይታዘዝለትም።

ዳኛ የሆኑት የዝማሬ አጎት አያ ንብረት ናቸው፤ በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ዳኝተዋል። ሁለቱን ፊት ለፊት አቆሙ።

«አንዱ ሲናገር ጣልቃ የገባ ተረታ። የምትሟገቱት በመሬት ነው?»

«በአስማተኛና በመነኩሲት ነው፣ አያ» አለ ዝማሬ።

«ሸጋ። ቀጥሉ።»

የፍልሚያውን ቦታና ወር የመምረጥ ዕጣ ለየሻው ወጥቶ ነበር።

«ተጠየቂ!» አለ። «ቦታው ሊማሊሞ አፋፍ፣ ወሩ ነሐሴ። በዚያ ጉም ሰው የገዛ እጁን አያይም። መነኩሲትሽ ነጎድን አታየውም፤ ያላየችውን አትመታም። ነጎድ ግን ማየት አያሻውም። ጊዜን ለሦስት ትንፋሽ ያቆማል። በመጀመሪያው ገደሉን ከወገቡ ይሰነጥቃል፣ በሁለተኛው ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ይመታል፣ በሦስተኛው ወደ ኋላ ይሸሻል። ጊዜ ሲነሣ አፋፉ መነኩሲትሽን እንደተሸከመ ይወርዳል!»

«ወይ አናጺ! ገደሉንም እንደ ግንድ!» ዝማሬ ጉልበቱን መታ።

«ዝም በል!» አሉ አያ ንብረት።

ኤልሳቤጥ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ተጠየቅ! እኔ ከገደሉ ሥር ያለችው የድብ ባሕር ልጅ ነኝ፤ የሊማሊሞን ጉም ለኔ አትንገረኝ። አላየውም፤ አምኛለሁ። መነኩሲቴ ግን የምትፈልገው ስም ነው። የክርስትና ስም።»

የክርስትና ስሙን ለሰው ሁሉ የሚያወራ ጎንደሬ የለም፤ ደጋሚ ስሙን ካገኘ ሰውየውን አገኘ ነው የሚባለው።

«ዝማሬ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ ለክርስትና ስም ባዶ ቦታ ትቶ ነበር» አለች ኤልሳቤጥ። «እኛ ሁላችንም እንዳለ ተውነው። ሰው እንዴት ይሞላዋል? የሻው ግን ባዶ ቦታ አይወድም። ለነጎድ ‹ወልደ ሩፋኤል› ብሎ በእስክሪብቶ ሞላው። ይኸው!»

አያ ንብረት ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ጊዜን ካቆመ በኋላ ግን በምን አፏ ትጠራዋለች?»

የሻው ነፍሱ መለስ አለች።

«ጊዜን የሚያቆምበት ድግምት ሦስት መስመር ነው፣ አያ፤ ራሱ የሻው ነው ወረቀቱ ላይ የጻፈው። የኔ አንዲት ጥሪ ናት። ‹ወልደ ሩፋኤል!› ስትለው ገና የመጀመሪያውን መስመር አልጨረሰም። ማን ነው በክርስትና ስሙ ተጠርቶ ቀጥ የማይል?»

የሻው ታየው። ነጭ ጉም፤ ነጎድ አፉን ከፍቶ፤ ከጉሙ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም የማይጠራውን ስም ሲጠራ። ነገሩን እንደ በር መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ ምላጭ የምታስገባ ክፍተት አጣ።

«መልስ አለህ?»

«የለኝም፣ አያ። ተረታሁ።»

ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ ቀደደው።

«አይዞህ፣ የሻው» አለች ኤልሳቤጥ ደንግጣ።

«ይህን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?»

«ከሞላኸው ቀን ጀምሮ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ? ትንፍሽ ሳትዪ?»

«ስድስት ዓመት።»

የሻው ቅዳጁን በእጁ እንደያዘ ቁጭ አለ፤ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያያት ጀመር።

«በይ እስቲ» አላት፣ «ከጉሙ ጀምረሽ ድገሚልኝ።»