የአባየ ድምፅና የጧፉ ሰም

በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ የእጀታው ላስቲክ የተላጠ፣ አፉ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነጥብ የተቀባበት አንድ መጭመቂያ ፒንሳ አለኝ። እንጀራዬ ሽቦ ማገናኘት ስለሆነ ከእሱ የተሻሉ አዳዲሶች ገዝቻለሁ፤ ይኼን ግን ለማንም አላውስም። እጀታውን ስጨብጠው ቀጭ፣ ቀጭ ሲል የጧፍ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ፒንሳና ጧፍ ምን አገናኛቸው ለምትሉ ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ጎንደር ከአንድ ደብር ጀርባ ነበር። አባቴ፣ እኛ አባየ ነው የምንለው፣ የዚያው ደብር ቄስ ነው። በደጀ ሰላሙ ጣሪያ ጥግ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የቅዳሴ ዜማውን ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚያደርስ የአባየን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ማለዳ ፊቱን እየታጠበ የሚያንጎራጉረውን ነበር። በእሱ ነበር ከእንቅልፌ የምነቃው።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ያ ድምፅ መሰበር ጀመረ። ቅዳሜና እሁድ በማለዳ ሲቀድስ ደህና ነው። በሌሎቹ የጾም ቀናት፣ ቅዳሴው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲጀመር ግን፣ ዜማው ከፍ ሊል ሲል ይንኮሻኮሽና ይቆረጣል፤ ከዚያ ቀጥኖ ይመለሳል። ግቢው ውስጥ ተጠልለው የሚያስቀድሱት ሴቶች ከንፈር ይመጥጡ ነበር። “አይ ቄሱ! ጾሙ ጎዳቸው” ይላሉ። “ዕድሜም አለ እኮ” ትላለች ሌላዋ። አባየ ከውስጥ ሆኖ ማጉያውን አይሰማውም። ለራሱ ጆሮ ድምፁ ያው የድሮው ነበር፤ ግን “ሰው ራሱን መቼ ይሰማል” ብሎ የሰዉን አመነ። የደብሩ አለቃ በአክብሮት “ትንሽ ቢያርፉስ?” አሉት። እሱም ሰሞኑን፣ ማለት የሚቀድስበትን ሳምንት ተራ፣ ለወጣት ቄስ ሊለቅ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማንጎራጎሩንም ተወ። ዝም ብሎ ይታጠባል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ቤታችን ጭር አለ፤ እኔም ከፋኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ከእማየ ጎን ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሜ ሳስቀድስ፣ የዲያቆኑም ድምፅ ተቆረጠ። ዲያቆኑ ጢሙ ገና ብቅ ያላለ፣ ሲጣራ ከብት የሚያስደነብር ጎረምሳ ነው። የእማየን ነጠላ ጎተትኩ። “እማየ፣ ምነው የሱም ተሰበረ? እሱም አርጅቶ ነው?” ጸሎት ነውና ጭኔን ቆንጥጣ ዝም አሰኘችኝ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን አሰብ አርጋ፣ “ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር” አለች። ሁላችንም ጆሯችን አባየ ላይ ብቻ ስለነበር የዲያቆኑን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ለአባየ ነገርኩት። “ለኔ አዝነሽ ነው ልጄ” ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። በማግስቱ ወጣቱ ቄስ ሲቀድስ አባየ ከውጭ መስማቱ እንግዳ ሆኖበት ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። ወጣቱ ዜማውን አነሣ፣ አነሣ፣ ከዚያ ክሽክሽ አለና ተቆረጠ። አባየ ብድግ ሲል ጋቢው መሬት ወደቀ። “እሱንም ጾሙ ጎዳው እንዴ?” አለና ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ቅዳሴው ሲያበቃ ሁለታችን ማጉያው ሥር ሄድን። እኔ ወደ ላይ ከማየቴ በፊት መሬቱን አየሁ። ድንጋዩ ላይ ቢጫ ቢጫ ጠብታ ደርቋል። በጥፍሬ ፍቄ ሳሸተው ማር ማር ይላል። መጀመሪያ ንብ የገባበት መስሎኝ ነበር። የደብሩ ዘበኛ አያ ሙጨ ግን አይቶት ራሱን ያከክ ጀመር። ለካ ክረምት ሊገባ ሲል ሽቦው ተበጥሶ ኖሮ፣ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ፣ ዝናብ እንዳይገባው የጧፍ ሰም አንጠባጥቦበት፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል።

“ክረምቱን ሸጋ አርጎ አሳልፎታል እኮ አባ!” አለ አያ ሙጨ። “የበጋውን ፀሐይ ማን አስቦት!”

ቆርቆሮው በቀትር ሲግል ሰሙ ይቀልጣል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ጥምዝማዙ ይላላል። ማለዳ ቀዝቅዞ ስለሚይዘው ደህና ነው። ነገሩ ይኼው ነበር።

ፒያሳ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ መስቀል ከተሳለመች በኋላ ቱቦ የመሰሉ ትንንሽ ማገናኛዎች ዘረገፈችልን። ሽቦው ተልጦ ከሁለት በኩል ይገባል፣ ቱቦው ይጨመቃል፣ አለቀ። ቀዩ ለቀጭን ሽቦ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ቢጫው ለወፍራም ነው፤ ፒንሳውም ላይ ለየቀለሙ የየራሱ ጎድጓዳ አለው። አባየ የቅኔ ምሥጢር እንደሚመረምር ተማሪ ጎንበስ አለበት። “ቀዩን በቢጫው ቦታ ብጨምቀውስ?” “ይላላል አባ።” “ቢጫውን በቀዩስ?” “ሽቦውን ይቆርጠዋል።” “ለምን ታዲያ ቀዩ ለቀጭኑ ሆነ?” ባለሱቋ ሳቀች፤ “እንጃ አባ፣ ሲመጣም እንዲሁ ነው።” መልሱ ለአባየም ለእኔም አልበቃም፤ እስከ ዛሬም እጠይቃለሁ።

ፒንሳው ሁለት ዓይነት ነበር። ቀለል ያለውን መጀመሪያ ሞከርኩት። የቻልኩትን ያህል ጨምቄ ሽቦውን ስጎትተው ሾልኮ ወጣ። ሁለተኛው ከበድ ያለ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ነው። ስጨብጠው ቀጭ አለና መሃል ላይ አልከፈት አለኝ። የሰበርኩት መስሎኝ ደነገጥኩ። “ግፊው እንጂ” አለችኝ ባለሱቋ፤ “ሳትጨርሺ አይለቅሽም።” በሁለት እጄ፣ በጉልበቴም አግዤ ገፋሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ተከፈተ።

“ይኼስ የኔታ ነው!” አለ አባየ በደስታ። “ቀለሙን ሳይጨርሱ የማይለቅ!”

“ጎትተው ይዩት አባ። ሳይጎትቱ ያዘ አይባልም” አለችው። ጎተተ፤ አልወጣም። የኔታን ይዘን ተመለስን።

የጣሪያው ጥግ ለአዋቂ እጅ ስለሚጠብ መሰላሉን የወጣሁት እኔ ነኝ። አያ ሙጨ ማጉያውን አጠፋ፣ አባየ መሰላሉን ያዘ። ሰም የጠጣውን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩ፣ ንጹሑን ላጥኩ፣ መዳቡ በፀሐይ አብለጨለጨ። ቀይ ማገናኛ፣ በቀዩ ቦታ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። “ጎተት አርገሽ እይው!” ይላል አባየ ከታች። “ያዘ?” “ያዘ!”

በማግስቱ በቀትር አባየ ሰሞኑን ከወጣቱ ቄስ መልሶ ተረክቦ ቀደሰ። ዜማው ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ ያቺን ቦታ ጠበቅሁ። አልተቆረጠም። ሴቶቹ ዞር ዞር ብለው ተያዩ። እማየ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ እኔ ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ አባየ ሰሞኑን ለማንም አልለቀቀም፤ በነጋታውም የነቃሁት በእንጉርጉሮው ነው።

ዛሬ የምሠራው አዲ አርቃይ ነው፤ ለቤቶች የፀሐይ ኃይል እዘረጋለሁ። የዘንድሮውን ሁዳዴ ጎንደር መጥቼ ሳስቀድስ፣ ዜማው ከፍ ሊል ሲል የአባየ ድምፅ ተንቀጠቀጠና ተቆረጠ። ዲያቆኑን ጠበቅሁ፤ የዲያቆኑ ጥርት ያለ ነው። ቢሆንም ቅዳሴው እንዳበቃ እየሮጥኩ ቦርሳዬን አመጣሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ ማገናኛውን ሁሉ አንድ በአንድ ጎተትኩ። አንዱ እንኳ ቢላላ ብዬ ተመኘሁ። ሁሉም ይዘዋል፤ ያ ቀለሙ የነጣው የልጅነቴ ማገናኛም ይዟል።

ስወርድ አባየ በመቋሚያው ተደግፎ ቆሟል።

“ጎተት አርገሽ አየሽው?”

“አየሁት አባየ።”

“ያዘ?”

ቦርሳዬን ዘጋሁት። “ያዘ” አልኩት።

“እንግዲያ ዘንድሮስ እኔ ነኛ!” ብሎ ሳቀ። መስቀሉን አሳለመኝና ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ሄድን። እስክንደርስ ያንጎራጉር ነበር፤ ድምፁ ይቆረጣል፣ ቀጥኖ ይመለሳል። ፒንሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዝም ብዬ ሰማሁት።