ሳል የሚሸፍን መዝሙር

በስደት አገር፣ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ዳቦ እየሸጥኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከውጭ ለሚያየኝ እስረኛ እመስላለሁ፤ ልዩነቱ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ኢኮኖሚክስ ተምሮ የመጣ ነው። ዳቦ እየደረደረ፣ «ጋሼ፣ አገርን የሚያሳድጋት የሰዎቿ ጤናና ትምህርት ነው» ይለኛል።

«አምጣውና መደርደሪያው ላይ እናስቀምጠው፤ ከሳሙናው ጎን ቦታ አለ» እለዋለሁ። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ከእሱ የማንስ አይመስለኝም ነበር።

ኮሮና መጣና ፊት ለፊታችን ያለው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ደወሉ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ይጮሃል፣ ባዶው ግቢ ውስጥ ማንም አይሮጥም። እኔ ሞኙ ከልማድ ብስኩቱን ወደ መስኮቱ አቀርባለሁ። ልጆቹ ቤት ሲውሉ እናቶቻቸው ከሥራ ቀሩ፤ የታመመውም ተኛ። መደርደሪያዬ ሙሉ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ። ያም ሆኖ የእህቴ ልጅ ያለኝ ነገር አልገባኝም።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ማሳል ጀመረ። የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት ስለነበር ሆስፒታል መሄድ ፈራን። ደንበኛ እንዳይሸሽም በምንተኛባት ጓዳ ደበቅኩት፤ ባሳለ ቁጥር የሬዲዮውን መዝሙር ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ።

የተዘጋው ትምህርት ቤት መምህርት ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ፣ «ባባ፣ ጸሎተኛ ሆነዋል» ትለኛለች።

«ዕድሜ ነው፤ ጠሪዬ ስለቀረበ ነው።»

አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ፍርግርጉ ጋ እንደቆመች መብራት ጠፋ። መዝሙሩ ተቋረጠ፣ ማቀዝቀዣውም ዝም አለ። ዳቦውን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ጓዳው ታያለች።

«ባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚያስለው ሰው ዛሬ ለምን ዝም አለ?»

ለካ ሁልጊዜም ትሰማው ኖሯል።

ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ እንደተከፈተ ነው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ደወሉ ተደወለ» አለኝ በሹክሹክታ። «ልጆቹ መጡ፤ ብስኩቱን አቅርብላቸው።»

መብራት በሌለበት የምን ደወል? እኔ ግን ዞሬ ወደ መስኮቱ አየሁ።

መምህርቷ መኪናዋን አቀረበች። ቁልፉ የኪሴ ክር ይዞት አልወጣ አለኝ፤ በራሴ እስር ቤት ተቆልፌ ቀረሁ። እንደምንም ከፍቼ ወሰድነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስለ ወረቀቱ ማስረዳት ስጀምር ነርሷ፣ «መጀመሪያ ይተንፍስ» አለችኝ።

ተርፎ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዕለት ደወሉ ሲጮህ ልጆቹ ፍርግርጉን ወረሩት። በዚያ ጫጫታ መሃል ከጓዳ አንዲት ሳል ሰማሁ። እጄ በልማድ ድምፁን ሊጨምር ወደ ሬዲዮው ሄደ፤ ግን አጠፋሁት። ልጆቹ «ባባ፣ ብስኩት!» እያሉ ሲጮሁብኝ፣ እኔ ትንፋሹን እስክሰማ ድረስ ጆሮዬን ወደ ጓዳው አዙሬ ቆምኩ።